አምስቷ የት ገባች

አንዳንዱን ሰው እግሩ ይቀድመዋል፣ አንዳንዱን እጁ። እኔን የሚቀድመኝ አፌ ነው። እኔ ገና ከቤት ሳልወጣ እሱ ደርሶ፣ ሰላም ብሎ፣ ቃል ገብቶ፣ ጣጣ አዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእኔ ነው፤ እየተከተልኩ መልቀም።

ይህን የምነግራችሁ እንዳትፈርዱብኝ አይደለም። ፍረዱብኝ። የእንጅባራ ሰው ፈርዶብኛል፤ እናንተ ብትጨመሩ አይከብደኝም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ውጤቴን አትጠይቁኝ፤ ከጠየቁኝ ሁሉ ጋር ተጣልቻለሁ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ልብስ ስፌት ጀምሬ ተውኩ። የኮምፒውተር ኮርስ ጀምሬ ተውኩ፤ እሱ እንኳ መብራት እየጠፋ ስላስቸገረ ኮርሱም እኔን ትቶኛል ማለት ይቻላል። ጸጉር ቤት ገብቼ የአንዲት ሙሽራን ግንባር ካቃጠልኩ በኋላ ደግሞ የጸጉር ቤቱ ባለቤት ራሷ አስተወችኝ። በመጨረሻ አንድ እሑድ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፈረሱን እያሰረ፣ እኔን ሳያየኝ፣ ለፈረሱ የሚነግር ይመስል እንዲህ አለ፦

«እስከ ሌላው ሰኞ ሥራ ካልያዘች ጫግኒ አክስቷ ዘንድ ትሄዳለች። እህል ትመዝናለች።»

አባቴ እንዲህ ነው። የቤቱን ትልልቅ ውሳኔ መጀመሪያ የሚሰማው ፈረሱ ነው።

ጫግኒን እንዳትሳሳቱብኝ፣ ጥሩ ከተማ ነው። ግን ቆላ ነው፤ እኔ ደግሞ የእንጅባራ ጉም ያሳደገኝ ነኝ፣ ትንሽ ፀሐይ ካየሁ አፍንጫዬ ይላጣል። ከሙቀቱ የባሰችው ግን አክስቴ ናት። አክስቴ ስታወራ ትንፋሽ አትወስድም። አፌን ከማን እንደወረስኩ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። እኔና እሷ በአንድ የእህል መጋዘን ውስጥ አብረን ብንውል ከሁለት አንዳችን ብቻ በሕይወት እንደምንወጣ ይታየኝ ነበር። እሷ ደግሞ መጋዘኑን ለምዳዋለች።

እንግዲህ እንዲህ በተጨነቅኩበት ሳምንት ነው ማክሰኞ ለሥራ ፈላጊ ወጣቶች ስብሰባ የተጠራው። የስፖርቱን ጉዳይ የሚከታተሉት አቶ ምናሉ የሚባሉ ሰው ተነሡና፣ ቅዳሜ ሁለት ታላላቅ የሜዳ ቴኒስ ተጫዋቾች ከአዲስ አበባ እንደሚመጡ ነገሩን። በዘመናቸው አገር ያወቃቸው ሻምፒዮኖች ናቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተው ጨዋታውን ለወጣቱ ለማሳየት ከተማ ለከተማ ይዞራሉ። ለውድድር ሳይሆን ለትዕይንት ነው የሚጫወቱት።

«ከመካከላችሁ ይህን ጨዋታ የሚያውቅ አለ?» አሉ አቶ ምናሉ። «ሕጉን በማይክ ለሕዝቡ የሚያስረዳ እንፈልጋለን። ነገሩ ካማረ ደግሞ ያንኑ ሰው በኮንትራት ማስታወቂያ ነጋሪ አድርገን እንቀጥራለን።»

ማንም እጁን አላነሣም። እኔ ግን ቀና ስል የራሴን እጅ ተነሥቶ አየሁት።

«ታውቂዋለሽ?»

«በደንብ አድርጌ» አለ አፌ።

የማውቀው ይኼን ነበር፦ አንድ ጊዜ አስተናጋጅ ለመሆን አንድ ሆቴል ሄጄ ባለቤቱን ስጠብቅ፣ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን ላይ ሁለት ሰዎች ኳስ ሲወራወሩ ሃያ ደቂቃ ያህል አይቻለሁ። ባለቤቱ አልመጣም። ኳሷ ግን ስትመጣና ስትሄድ አይቻለሁ።

ረቡዕና ሐሙስ ስልኬን ይዤ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጣሁ። የቴኒስ ፎቶ ከፍቼ ግማሽ ቀን ጠበቅኩ። ምስሉ ከታች ወደ ላይ ወረደልኝ ብላችሁ አታምኑኝም፤ ጫማ፣ ካልሲ፣ ጉልበት፣ ከዚያ ቀጥ። ስለዚህ ቅዳሜ ሜዳ ላይ ስቆም የቴኒስ ዕውቀቴ በሙሉ ከጉልበት በታች ነበር።

ሜዳው የትምህርት ቤቱ የመረብ ኳስ መጫወቻ ነው። መረቡን ዝቅ አድርገው አሰሩት። መስመሩን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ባይህ ዓርብ ከሰዓት በኖራ አሰመሩ። ሕዝቡ ቴኒስ ናፍቆት የመጣ እንዳይመስላችሁ። ሞንታርቦ ከጮኸ የእንጅባራ ሰው ይመጣል፤ ምን እንደሆነ ደርሶ ይጠይቃል። ከዘንገና በኩል ደግሞ ፈረሰኞች ፈረሳቸውን ሸልመው መጥተው ከኋላ ተሰለፉ። እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የተሻለው መቀመጫ የእነሱ ነበር፤ ከኮርቻ ላይ ሆኖ ቴኒስ ማየትን የመሰለ ነገር የለም፣ የማንም ራስ አይጋርድም። አባቴ ካሴም ከመካከላቸው አለ። ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፤ በመሃል አያ ፈንታ።

አያ ፈንታን የማያውቅ ስለሌለ ለማያውቅ ልንገር። በአካባቢያችን ሁለት ገበሬዎች በመሬት ወሰን ከተጣሉ ፍርድ ቤት ከመሄዳቸው በፊት እሳቸው ዘንድ ይሄዳሉ። ከፍርድ ቤት ከተመለሱም በኋላ እሳቸው ዘንድ ይሄዳሉ። ዱላቸው ያልነካው የወሰን ድንጋይ የለም ይባላል።

ተጫዋቾቹ በሚኒባስ መጡ። ጋሽ መርዕድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጸጉራቸው ጥጥ የመሰለ፤ ጋሽ ወልዴ አጭር፣ ክብ፣ ሳቂታ። ሁለቱም ከስድሳ ያለፉ፣ ሁለቱም ነጭ ቁምጣ የለበሱ። በዚያ ጉም ቁምጣ።

«በዚህ ብርድ እንዲህ አድርጎ የሚሰዳቸው ማነው፣ ቤተሰብ የላቸውም?» አለች ከኋላዬ አንዲት እናት። ጋቢዋን አውልቃ ለጋሽ ወልዴ ዘረጋችላቸው። «አመሰግናለሁ፣ እሞቃለሁ» ብለው ሳቁ። ከሁለት ጨዋታ በኋላ ራሳቸው መጥተው ጋቢውን ጠየቁ።

አብሯቸው የተነሣው ዳኛ ግን አልደረሰም። መኪና ሲያዞረው ዳንግላ ላይ ወርዶ ቀርቷል አሉ። አቶ ምናሉ ወደ እኔ ዞሩ፦ «አንቺ ታውቂው የለ? ቁጥሩንም መስመሩንም አንቺው ያዢ።»

ማይኩን ያዝኩ። በአማርኛ የማላውቀውን ጨዋታ በአማርኛ አስረዳሁ። ቀጥዬ ለገጠሩ ሰው እንዲገባው በአገውኛ ደገምኩት። በሁለት ቋንቋ አለማወቅ ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ያደክማል።

ጋሽ መርዕድ ኳሷን ወደ ላይ ወርውረው ሊመቱ ሲሉ አንድ ፈረሰኛ «ዘራፍ» አለ፤ ሌላው ተቀበለው፤ እናቶች እልል አሉ፤ ኳሷ መረቡ ውስጥ ገባች። ሁለተኛም እንዲሁ። ሰዎቹ እንግዳ አክብረው ማበረታታታቸው ነው። ጋሽ መርዕድ ወደ እኔ መጡና በትሕትና «ልጄ፣ ስንመታ ጸጥታ ያስፈልገናል፣ ንገሪልን» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ነገር በምሳሌ ማስረዳት እወዳለሁ። ማይኩን አንሥቼ «ወገኖቼ፣ ኳስ ስትመታ ዝም ማለት ሕግ ነው። ልክ ወንጌል ሲነበብ እንደምንሆነው እንሁን» አልኩ።

ሕዝቡ በሙሉ ብድግ አለ።

ሽማግሌዎቹ በዱላቸው ተደግፈው ቆሙ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እናቶች ነጠላቸውን አስተካከሉ። ፈረሰኞቹ ከፈረስ ወረዱ። የቆመው ሰው የተቀመጠውን፣ ፈረሱ የወረደውን ጋረደው፤ ከፊተኛው ረድፍ በቀር ጨዋታ የሚያይ አልነበረም፤ ጸጥታው ግን ጸጥታ ነበር።

«ምን ሆኑ?» አሉኝ ጋሽ መርዕድ ኳሷን እንደያዙ።

«አክብረውዎት ነው።»

ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። እኔ ቶሎ ብዬ በማይክ «ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» ብል ማን ይስማኝ። አያ ፈንታ ዞር ብለው «ሳያልቅ?» አሉኝ። የመጀመሪያው ጨዋታ እስኪያልቅ ሕዝቡ እንደ ዐምድ ቆሞ ጠበቀ። ሲያልቅ ብቻ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ጸጥ ለማለት መቆም እንደማያስፈልግ ለማስረዳት የፈጀብኝ ጊዜ ራሱን የቻለ ጨዋታ ነበር።

ግን ልንገራችሁ፣ ዝም ሲባል ሌላ ነገር መጣ። ኳሷ ራኬቱን ስትነካ የምታሰማው ድምፅ ይሰማ ጀመር። እነዚያ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ በቀጭን እግሩ አንዱ በቦርጩ፣ ኳሷን ከማይደረስበት ቦታ እያመጡ ወደማይታሰብ ቦታ ይልኳታል። ጋሽ ወልዴ አይተዋትም የማያውቁ ይመስሉና በመጨረሻ ሰዓት ራኬታቸውን እንደ ማንኪያ ከሥሯ ያስገባሉ፤ ኳሷ መረቡን ተሻግራ እዚያው ጥፍት ትላለች። እስከዚያ በቁምጣቸው ስስቅ ነበር። ሳቄን ያቆምኩት ያኔ ነው። ፈረሶቹ እንኳ ጭንቅላታቸውን ግራ ቀኝ የሚያደርጉ መሰለኝ፤ ዝንብ ይሆናል፣ እንጃ።

ቁጥሩን ጋሽ ወልዴ ሲያልፉ በሹክሹክታ ይነግሩኛል፣ እኔ በማይክ እጮኻለሁ። አሥራ አምስት። ሠላሳ። አርባ።

አያ ፈንታ ዱላቸውን አነሡ። «አንቺ የካሴ ልጅ። አሥራ አምስት፣ ሠላሳ፣ ቀጥሎ ስንት አልሽ?»

«አርባ፣ አያ።»

«አርባ አምስት ነው እንጂ።»

«አርባ ነው፣ አያ።»

«እና አምስቷ የት ገባች?»

ሕዝቡ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ምን አውቃለሁ። አሁንም አላውቅም፤ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። አቶ ምናሉ ከወዲያ ሆነው እያዩኝ ነው። ጫግኒ ከወዲህ ሆና እያየችኝ ነው። አላውቅም ማለት አንድ ቃል ነበር፤ አፌ ግን ሌላ ቃል አገኘ።

«ተቀምጣለች» አልኩ።

«ማን ዘንድ?»

«ዳኛ ዘንድ። ለችግር ቀን።»

አያ ፈንታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለጎረቤታቸውም ነገሩ፤ ጎረቤታቸው ለጎረቤቱ። ለችግር ቀን የሚቀመጥ ነገር የሚገባው ሕዝብ ነው። ጉዳዩ አለቀ ብዬ ተነፈስኩ።

አሁን ወደ መስመሩ ልምጣ፣ ያጠፋሁት እዚያ ነው።

ኳስ መስመሩን አልፋ ስትወድቅ ወጣች፣ ከውስጥ ስትወድቅ ገባች፤ ይህ ለማንም ግልጽ ነው። መስመሩን ራሱን ስትነካስ? ይህን ማንም አልነገረኝም፣ እኔም ለመጠየቅ አልፈለግኩም፤ ባለሙያ ነኝ ብያለሁ እኮ። በራሴ አሰብኩት። እኛ አገር ማረሻው ወሰን የነካ ሰው ጥፋተኛ ነው። ትንሽ ነው የነካሁት ቢል አይሰማም። ነካ፣ ነካ ነው፤ ሽማግሌ ይቀመጥበታል። ስለዚህ ኳሷ ኖራውን ስትነካ «ወጣች» አልኩ። ሦስት ጊዜ ያህል እንዲህ አደረግኩ። ተጫዋቾቹ ተያዩ፣ ፈገግ አሉ፣ የእንግዳ ነገር ሆኖባቸው አለፉት። ሕዝቡ ግን ደስ አለው፤ በመላው ጨዋታ የገባው ሕግ ይህ ብቻ ነበር።

በመጨረሻ እኩል ሆነው አንድ ጨዋታ ብቻ ቀራቸው። እሱም አርባ ለአርባ ሆነ። ጋሽ ወልዴ ጋቢውን ጣሉ። ረጅም ተወራወሩ፤ ከዚያ ጋሽ ወልዴ ሰያፍ አድርገው ሲመቱ ኳሷ በስተግራ ጥግ መስመሩ ላይ አረፈች። ኖራው እንደ ዱቄት ቦነነ።

«ወጣች» አልኩ በሞንታርቦ።

ጋሽ ወልዴ ራኬታቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ መስመር ነክታለች እኮ።»

«ስለነካች ነዋ ወጣች ያልኩት።»

«መስመር ከነካች ገብታለች።»

«ወሰን ነክታ?»

ሕዝቡ ከእኔ ጋር ሳቀ። ጋሽ ወልዴ ወደ ጓደኛቸው ዞሩ። «መርዕድ፣ አይተሃታል። ንገራቸው።»

ጋሽ መርዕድ ራኬታቸውን እያዩ «ዳኛዋ ብላለች፣ እኔ ምን አገባኝ» አሉ። ፈገግ እያሉ ነበር። ለቀልድ ይመስለኛል።

ጋሽ ወልዴ ግን ፈገግ አላሉም። «ያኔም እንዲህ ነው ያልከው» አሉ፣ ድምፃቸው ተለውጦ። «ሠላሳ ዓመት። ለዋንጫው ስንጫወት ያችን ኳስ መስመር ላይ አየሃት፤ ዳኛው ወጣች ሲል ዝም አልክ። ዋንጫውን ይዘህ ሄድክ።»

«ዛሬም ያንን ልታነሣ ነው?»

«መች ጥዬው አውቃለሁና ነው የማነሣው?»

ጋሽ ወልዴ ራኬታቸውን መሬት ላይ ጣሉት። ጋሽ መርዕድም ጣሉ። እኔ ማይኩን ወደ ኋላዬ ደበቅኩ፤ እሱ ግን እንደበራ ነው፣ የተባለው ሁሉ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሰማ።

በሌላ አገር ተመልካች ምን ያደርግ እንደነበር አላውቅም። ምናልባት ያፏጭ ነበር። በእኛ አገር ሁለት ትልልቅ ሰዎች በወሰን ተጣልተው ዝም ብሎ መቀመጥ ነውር ነው። አያ ፈንታ ተነሡ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ተከተሏቸው። ሦስቱ በዱላቸው ኖራውን ሳይረግጡ እየተሻገሩ ሜዳው መሃል ገቡና ሣሩ ላይ ተቀመጡ።

«አንተ በዚያ፣ አንተ በዚህ» አሉ አያ ፈንታ። ሻምፒዮኖቹ መረቡን በመካከል አድርገው እንደ ተማሪ ቁጭ አሉ። ቅድም እርስዎ ይሏቸው ነበር፤ ነገር ከተያዘ በኋላ ግን ለአያ ፈንታ ሁሉም አንተ ነው።

አቶ ምናሉ ሮጠው መጡ። «አያ፣ ይኼ ጨዋታ ነው እኮ።»

«ሠላሳ ዓመት የቆየ ጨዋታ የለም፣ ልጄ። ቁጭ በል።»

ቁጭ አሉ።

«ለምንፈርደው ተገዢ እንድትሆኑ ዋስ ጥሩ።»

ጋሽ መርዕድ ግራ ገብቷቸው የሚኒባሱን ሹፌር ጠሩ። ሹፌሩ እጁን እየጠረገ መጣ። «በየከተማው ይህችን ኳስ ስሰማ ነው የከረምኩት» አለ፤ «የምታልቅ ከሆነ ለሁለቱም ዋስ እሆናለሁ።»

«ለሁለቱም አይሆንም» አሉ አያ ፈንታ።

ጋሽ ወልዴ ማንን ይጥሩ? ዘወር ዘወር አሉ። ያኔ ከኋላ አንድ ፈረሰኛ «እኔ አለሁ ለእንግዳው» ብሎ ወረደ። አባቴ ነበር።

ጋሽ ወልዴ ተናገሩ፤ በዓለም ሁሉ መስመር ከሜዳው ይቆጠራል፣ የነካች ኳስ ገብታለች አሉ። ጋሽ መርዕድ ተጠየቁ፤ ሕጉ እንዲያ መሆኑን አመኑ። አያ ፈንታ ዱላቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው አሰቡ።

«ወሰኑን ማን አሰመረው?»

ጋሽ ባይህ ዘበኛው ቀረቡ። «እኔ ነኝ።»

«በምን ለካህ?»

«በገመድ። ቀጥ አድርጌ። በስተግራ ጥግ ላይ ብቻ...» ጋሽ ባይህ ኮታቸውን አስተካከሉ። «እዚያ ተማሪዎች የተከሏት ችግኝ አለች። ኖራ ያቃጥላታል ብዬ ትንሽ ወደ ውስጥ ዞርኩላት። አንድ ክንድ አይሞላም።»

ሄደው አዩ። እውነትም መስመሩ ለችግኟ ብሎ እንደ ወንዝ ታጥፏል። ኳሷ የወደቀችው በትክክለኛው ወሰን ቢሆን ድሮውንም ከውስጥ ነበር። ሕዝቡ «ኧኧኧ» አለ።

አያ ፈንታ ተመልሰው ተቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ የካሴ ልጅ። ማይኩን አምጪው፣ ሰው ይስማሽ። የዚህን ጨዋታ ሕግ ታውቂያለሽ?»

ሜዳውን አየሁ። አቶ ምናሉ ቆመዋል። አባቴ ልጓሙን ይዞ፣ ለአንድ ጊዜ ፈረሱን ሳይሆን እኔን እያየ ነው። አውቃለሁ ብል የሚያጣራ አልነበረም፤ ሥራው የእኔ ነበር። ጋሽ ወልዴ ግን ሣሩ ላይ በቁምጣ ተቀምጠው ጉልበታቸውን እያሹ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት አንድ ሰው አይቶ ዝም ያለባቸው ሰው ናቸው። ሁለተኛዋ እኔ ልሆን ነው።

«አላውቅም» አልኩ። ሞንታርቦው ደገመው። «አንድ ጊዜ በቴሌቪዥን አይቻለሁ፣ ያለ ድምፅ።»

ቀኑን ሙሉ የለመንኩት ጸጥታ ያኔ መጣ። ማንም ሳይቆም።

አያ ፈንታ ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር በአገውኛ ተንሾካሾኩ። ከዚያ ፈረዱ። «ልጅቷ አጥፍታለች፤ አምናለች። ባይህ አጥፍቷል፤ ለችግኝ ነው፣ ይቅር ተብሏል። ተበዳዩ አጭሩ ነው። ካሳ ይገባዋል። እንግዲህ ከአርባ አምስት ላይ ተቀንሳ ዳኛ ዘንድ ለችግር ቀን የተቀመጠች አምስት አለች ተብሏል። ከዚህ የባሰ ችግር ምን ይመጣል። አምስቷ ለሱ ትሰጠው። እሱ አርባ አምስት፣ ያኛው አርባ። ጨዋታው ከዚያ ይቀጥል።»

ሻምፒዮኖቹ ተያዩ። መጀመሪያ የጋሽ ወልዴ ቦርጭ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀጥሎ ጋሽ መርዕድ ፊታቸውን በራኬት ሸፈኑ። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። በእኔ የሚስቁ መስሎኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ነበር።

«አባቴ» አሉ ጋሽ ወልዴ በመጨረሻ፣ «ሕጉም እኮ እንዲህ ነው። አርባ ለአርባ ሆነን አንዱ ሲያገኝ በአንድ ደረጃ ይበልጣል፤ አንድ ከደገመ ያሸንፋል። እርስዎ የፈረዱትን ነው መጽሐፉም የሚለው።»

አያ ፈንታ አልገረማቸውም። «ሌላ ምን ሊል ኖሯል» አሉና በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ።

ጨዋታው ቀጠለ። አቤት የዚያች ኳስ ርዝመት። ሄደች፣ መጣች፤ ጋሽ ወልዴ ያንኑ ሰያፍ ምት መቱ፤ ኳሷም ያንኑ ጥግ፣ ያንኑ የተጣመመ መስመር ይዛ ወደቀች። ከችግኟ ጀርባ ይሁን ከፊት፣ ኖራ ላይ ይሁን ሣር ላይ፣ እምላለሁ አላየሁም። ሕዝቡ ወደ እኔ ዞረ። ማይኩን ዝቅ አደረግኩ።

ያየው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ከአጠገቧ የቆሙት ጋሽ መርዕድ። ኳሷን ረጅም ጊዜ አዩአት። ከዚያ ጎንበስ ብለው አነሡአትና ወደ መረቡ ሄዱ።

«ገብታለች» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ያችኛዋም ገብታ ነበር» አሉ።

በመረቡ ላይ ተቃቀፉ። አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ስለሆኑ መረቡ አብሮ ታቀፈ። ያኔ ፈረሰኞቹ ዘራፍ አሉ፣ እናቶች እልል አሉ፤ ዝም በሉ ያለ አልነበረም። ሹፌሩ ከሁሉ በላይ ሲያጨበጭብ አየሁት።

የእኔስ? አቶ ምናሉ ማይኩን ከእጄ ተቀበሉ፤ አልተቆጡም፣ ዝም ብለው ገመዱን ጠቀለሉ፤ እሱ ይብሳል። አባቴ ወደ ቤት ስንሄድ የፈረሱን አንገት እየዳበሰ «እውነቱን ተናግራለች» አለው። ደስ ብሎኝ ቀና ስል ጨመረለት፦ «ሰኞ ግን ሰኞ ነው።»

ሰኞ ጫግኒ ገባሁ። አፍንጫዬ በሳምንቱ ተላጠ። አክስቴ እንደፈራሁት ናት፣ ከፈራሁትም ትንሽ ትበልጣለች። አንድ ነገር ግን ለወጥኩ። ገበሬና ነጋዴ የሚዛኑ ቀስት መስመሩን ነካ አልነካ ብለው ሲጨቃጨቁ እኔ ጎንበስ ብዬ አይና «መስመር ከነካ ገብቷል» እላለሁ። ይህን ሕግ ከየት አመጣሽው ሲሉኝ «ዓለም አቀፍ ነው» እላለሁ። ይህቺን እንኳ አውቃታለሁ።

በሁለት ወሩ ይመስለኛል፣ ስልኬ ጮኸ። አቶ ምናሉ ናቸው። ካንቺ በኋላ ሁለት ሰው ሞክረን ነበር አሉ፤ ሁለቱም ያልተጠየቁትን ሁሉ ያውቃሉ። ሕዝቡ ያቺ የካሴ ልጅ የት ገባች እያለ አስቸገረን። አያ ፈንታም ቢሯችን ድረስ መጥተው «እሷ ቢያንስ ስትጠየቅ ታምናለች» ብለው ሄዱ።

«ለሚቀጥለው ወር የቼዝ ውድድር አዘጋጅተናል» አሉ። «ቼዝ ታውቂያለሽ?»

አፌ ተከፈተ። ደርሼ በነጠላዬ ጫፍ አፈንኩት።

«አላውቅም» አልኩ በነጠላው ውስጥ።

«ኔትወርኩ ነው መሰለኝ፣ አልሰማሁሽም። ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ምን? ጮኽ በይ።»

«አላውቅም» ብዬ ጮኽኩ። የጫግኒ ገበያ በሙሉ ዞሮ አየኝ። አክስቴ እንኳ ወሬዋን አቋረጠች።

«ጥሩ» አሉ አቶ ምናሉ። «ሰኞ ነይ።»

እኔና ሰኞ የታረቅነው በዚያ ቀን ነው።